ብቻውን ወደ ማዕድ ስለሚቀርብ መንገደኛ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ማዕድ የብዙ ሰው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። አባቶቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው የተናገሩት ቃል ልጅ ሁሉ ከወተቱ ጋራ የሚጠጣው ትምህርት ስለ ሆነ፤ ሰው አጠገቡ ያለውን ሳይጋብዝ አንዲት ቍራሽ ወደ አፉ ቢያደርስ እንኳ ዙሪያውን ሳይመለከት አይውጥም። መሶቡ ክብ ሆኖ መሰፋቱ፤ እንጀራው ሰፍቶ መጋገሩ፤ ወጡም በመካከል መውጣቱ ሁሉ ይህንኑ ያስረዳል። መጐራረስም የፍቅርና የእርቅ ምልክት ነው። እንግዲህ እንደዚህ ባለ ሕዝብ መካከል ተወልዶ ያደገ ሰው፤ በእንግድነት አገር ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ብቻውን ቢቀመጥ፤ ምግቡ ምንም ያማረ ቢሆን ልቡ ቅር ማለቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዳሩ ግን ዘመኑ ተለውጧል። ሹሙም ነጋዴውም፤ ሐኪሙም መምህሩም ጧት ካንዱ ከተማ ተነሥቶ በአውሮፕላን ቀትር ሳይሆን በሌላው ከተማ ይገኛል። የሚሄደው ለሥራ ነውና ቤተ ሰቡን አይዘም፤ ዘመድም በደረሰበት ሁሉ አይኖረውም። ስለዚህ ማታ በሆቴል ብቻውን መብላት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። እኔም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ፤ ለሥራ ወደ መቀሌ ሄጄ ሳለሁ በዓዲ ሓቂ ባንድ ማታ ያገኘኝ ነገር ነው። ነገሩ ከመንገድ ጀምሮ ወደ ቤት የሚገባ ስለ ሆነ፤ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ቢወጣ የሚገባ መሰለኝ። አስቀድሞ ግን የነገሩን ሥር መመልከት ያስፈልጋል።

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ብቻውን የሚበላበት ጊዜ ጥቂት ነበረ። ታላቅ ሰው እንደ ሆነ ከአሽከሮቹና ከድንኳኑ ጋራ ይጓዝ ነበርና፤ ማዕዱም አብሮት ይጓዝ ነበረ። በንጉሥ ትእዛዝ ለሚሄድ ሰውና ከውጭ አገር ለመጣ መልእክተኛ ደግሞ፤ በየደረሰበት ያለው ባላገር ድርጎ እንዲያቀርብለት ይታዘዝ ነበረ፤ ይኸውም እንጀራው፤ ማሩ፤ በጉ፤ ለበቅሎውም ገብሱ ነው። ድኻው መንገደኛ ግን በሶውን ወይም ዳቦ ቆሎውን በስልቻ ይዞ ይሄድና፤ ሲመሽበት ካንዱ ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበረ። ባለቤቱም ምንም የሌለው ቢሆን ከምድጃው አጠገብ ስፍራ ይለቅለታል፤ ካለውም ያቀምሰዋል። እንግዳውም በፈንታው የአገሩን ወሬ ይነግረዋል። እንዲህ ሆኖ የራት ዋጋ ወሬ ነበረ።

ከሰው ተለይቶ መብላት ግን የንጉሥ ወግ ነበረ። በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው ታላቅ አዳራሽ ግብር ሲገባ፤ በሺህ የሚቈጠር ሰው የሚበላበት ቀን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በመጋረጃ ተከልለው ከጥቂት ታላላቅ ሰዎች ጋራ ይበሉ ነበር፤ እርሳቸው ከበሉ በኋላ መጋረጃው ይከፈትና ሠራዊቱ በየማዕርጉ ተራ በተራ ይገባ ነበር። በዚህ ነገር እንደምንመለከተው፤ በአገራችን ለብቻ መብላት ሁለት መልክ ብቻ ነበረው። በላይ ሲሆን ክብር ነው፤ በታች ሲሆን ንፍገት ነው። ያን ማታ ወደ ሆቴሉ ስገባ እኔም ያሰብሁት ይህን ብቻ ነበረ። ሦስተኛ መልክ እንዳለው ያወቅሁት ከራት በኋላ ነው፤ እርሱንም በስፍራው እነግራለሁ።

በአገራችን የሆቴልን ሥራ በማስጀመር ስማቸው የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የተከፈተው ሆቴል እስከ ዛሬ ድረስ በስማቸው ይጠራል፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ስሙ አልጠፋም። በመጀመሪያው ጊዜ ለተበላ ምግብ ገንዘብ መክፈል ለሰው ሁሉ እንግዳ ነገር ሆኖበት ስለ ነበረ፤ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፤ በልተው ሒሳቡን እንደ ከፈሉ ሲተረክ ይኖራል። ይህ ታሪክ የሚያስረዳን ችግሩ የገንዘብ ሳይሆን የአሳብ መሆኑን ነው። በወጉ እንጀራ የሚጋበዝ እንጂ የሚሸጥ አይመስልም ነበርና።

የመቀሌን ነገር ስናነሣም የእኒሁ እቴጌ ስም ይመጣል። በ1888 ዓ.ም. ጣልያኖች በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ሠርተው በተቀመጡ ጊዜ፤ የሚጠጡት ውሃ እንዲያዝባቸው የመከሩ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በምሽጉ ውስጥ ያሉት በውሃ ጥም ተጨንቀው በጥር ወር ምሽጉን ለቀቁ፤ አጤ ምኒልክም ከነመሣሪያቸው በሰላም እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። እንግዲህ በመቀሌ ለጠላት ውሃ የከለከለች እጅ፤ ከ12 ዓመት ያህል በኋላ በአዲስ አበባ ለማታውቀው መንገደኛ ማዕድ ዘረጋች ማለት ነው። ለጦርም ለሰላምም ጊዜውን ማወቅ የእርሳቸው ጥበብ ነበረ።

በአውሮፓም ቢሆን የምግብ ቤት ነገር ከጥንት የነበረ አይምሰለን። በፈረንሳይ አገር መንገደኛ በማደሪያ ቤት ሲያርፍ፤ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ዋጋ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋራ ባንድ ረዥም ገበታ ይቀመጥ ነበረ፤ ከቀረበው በቀር ሌላ መምረጥ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በኋላ ግን በፓሪስ ከተማ አዲስ ዓይነት ቤት ተከፈተ። በዚያ ቤት ለያንዳንዱ ሰው የራሱ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፤ የምግቡ ዝርዝር ከነዋጋው ተጽፎ ይቀርብለታል፤ በፈለገው ሰዓት ይበላል። ሬስቶራንት የተባለውም ስም የወጣው ከዚሁ ነው፤ አስቀድሞ የደከመን ሰው ኃይል የሚመልስ የሥጋ መረቅ ስም ነበረና። ስለዚህ ምግብ ቤት ከመነሻው የታሰበው ለድግስ ሳይሆን፤ ደክሞት ለብቻው ለመጣ ሰው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በጃፓንም በዛሬው ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን መቀመጫ በሳንቃ እየተከለለ የተሠራባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ በዚያም ብቻውን የሚበላውን ሰው የሚታዘበው የለም።

አሁን ወደ ዓዲ ሓቂ ልመለስ። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፤ አየርዋ ደስ የሚያሰኝ ከተማ ናት። አጤ ዮሐንስ 4ኛ መቀመጫቸው አድርገው በ1870ዎቹ ዓ.ም. ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በሥራውም ናሬቲ የተባለ የጣልያን አገር አናጢ ነበረበት። የደጃዝማች አብርሃ አርአያ ግንብም ኋላ ሆቴል ሆኖ ለመንገደኛ አገልግሏል። ዓዲ ሓቂ ከከተማዪቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የኢኮኖሚ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢም በዚሁ ስም ይጠራል። በትግርኛ ዓዲ ማለት አገር ወይም መንደር ነው፤ ሓቂ ማለትም እውነት ነው።

ይህች ከተማ በቅርቡ ያየችውን መከራ ሳያነሡ ስለ ማዕድዋ መጻፍ አይገባም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት በቆየው ጦርነት መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክም ተዘጋ፤ በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ እንጀራ መግዛት የማይችልበት ጊዜ ሆነ። ከየስፍራው የተፈናቀሉ ሰዎችም በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ መቀሌ በረረ። በዚያ ቀን በአውሮፕላን ጣቢያው ወላጅና ልጅ፤ ባልና ሚስት ተገናኝተው እንዴት እንደ ተላቀሱ ሁሉም ያስታውሰዋል።

እኔ ወደዚያ የሄድሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቀኑን ሥራ ጨርሼ በዓዲ ሓቂ ካለ አንድ ታላቅ ሆቴል ራት ልበላ ገባሁ። ከሥራ ጓደኞቼ አንዳቸው ወደ ዘመድ ቤት፤ ሌላቸውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበርና ብቻዬን ነበርሁ። አሳላፊው፤ ዛሬ አስተናጋጅ የሚሉት ማለቴ ነው፤ ጠጕሩ ሽበት የጀመረው ሰው ነበረ። ከደጅ ተቀብሎ «እንቋዕ ብደሓን መፃእኩም» አለኝ። ይህ በአማርኛ እንኳን ደኅና መጣችሁ ማለት ነው፤ በትግርኛ ለሚያከብሩት ሰው እንደ ብዙ ሰው አድርገው ይናገራሉና። አንድ ሆኜ ሳለሁ እንደ ብዙ ሆኜ መቀበሌ ደስ አሰኘኝ። ወዲያው ግን በአማርኛ «ጌታዬ፤ ብቻዎን ነዎት፤ ወይስ ሰው ይጠብቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ልናገርና፤ በዚያች ሰዓት ዋሸሁ። «ምናልባት ሰው ይመጣ ይሆናል» አልሁት። ለምን እንደ ዋሸሁ ራሴን ስመረምር፤ ብቻዬን ነኝ ማለት ወዳጅ የለኝም ማለት መስሎኝ ነው። እርሱም ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሰጠኝ፤ በፊቴ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ የሚያሳፍር ነው። የምግቡን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብሁ፤ ሰዓቴን ተመለከትሁ፤ ስልኬን አውጥቼ የማያስፈልገኝን ነገር ገለጥሁ። በሺህ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የማልፈራ ሰው፤ ባንድ ባዶ ወንበር ፊት መቀመጥ አቃተኝ።

ቀኑ የፍስክ ነበረና ጥሕሎ አዘዝሁ። ጥሕሎ የትግራይ የክብር ምግብ ነው። የገብሱ ዱቄት በውሃ ይታሻል፤ ከዚያም በእጅ እየተድበለበለ እንደ ትናንሽ እንቍላል ይሆንና፤ በመካከል በተቀመጠው ቀይ የሥጋ ወጥ ዙሪያ ይደረደራል። የሚበላው ሁለት ጫፍ ባለው ቀጭን እንጨት እየተወጋ ወደ ወጡ እየተነከረ ነው። ወጉ አንዱ ሲያድበለብል ሌላው እንዲበላ፤ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ እንዲጫወት ነው። አሳላፊውም ሣህኑን አስቀምጦ ባዶውን ወንበር አየ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌታዬ፤ የሚጠብቁት ሰው የዘገየ እንደ ሆነ ጥሕሎ ሲቀዘቅዝ አይጥምም» አለኝ። ውሸቴን እንዳወቀብኝ አወቅሁ፤ እርሱ ግን አላሳፈረኝም።

እየበላሁም ጥቂት አነጋገርሁት። በጦርነቱ ዘመን ስለ ነበረው ኑሮ ብጠይቀው፤ ብዙ ማውራት አልወደደም። «በዚያ ጊዜ፤ ጌታዬ፤ ይህ አዳራሽ ጸጥ ያለ ነበር። ግን በየቤቱ ብቻውን የሚበላ ሰው አልነበረም። አንድ እንጀራ ያገኘ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ ይቈርሰው ነበር፤ ለነገ የሚተርፍ ነገር የለምና» አለና ሌላ እንግዳ ሊቀበል ሄደ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ በሣህኔ ላይ ያለውን ምግብ ሳየው፤ የባዶው ወንበር ነገር ቀልድ መሰለኝ። ያለ ባልንጀራ መብላት የሚያሳዝን ነው፤ የሚበላ አጥቶ ባልንጀራ ይዞ መቀመጥ ግን እንዴት የከበደ ነው!

በዚህ ጊዜ በግራዬ በኩል ካለው ጠረጴዛ አንዲት ሴት ብቻዋን መጥታ ተቀመጠች። ልብሷ የሥራ ልብስ ነው፤ እጇን ታጥባ፤ አማትባ፤ ምግብዋን አዘዘች። እንደ እኔ ሰዓት አላየችም፤ ዝርዝሩንም ደጋግማ አላነበበችም። ካጠገቧ ያሉ ወንዶች ግን እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ፤ አንዱም ዞሮ አያት። እኔም ከእነርሱ የተሻልሁ አልነበርሁም። ይህች ሴት በዚህ ሰዓት ለምን ብቻዋን መጣች ብዬ ክፉ አሳብ አሰብሁ። አሳላፊው ሲመለስ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንግዳችን ናቸው፤ ጌታዬ። እርስዎም እንግዳችን ነዎት» አለኝ። ከዚህ ቃል የሚበልጥ ተግሣጽ በሕይወቴ አልሰማሁም። እኔ «ናት» ብዬ የጠራኋትን ሰው እርሱ «ናቸው» አለ፤ እኔም ሴት በማለቴ ያሳነስኋትን እርሱ እንግዳ ብሎ አከበራት።

ወንድ ብቻውን ቢበላ የሚታዘነው፤ ሴት ብቻዋን ብትበላ የምትጠረጠረው ለምንድር ነው? ሁለቱም የመጡት ለሥራ ነው፤ ሁለቱም የሚበሉት ርቧቸው ነው፤ ሁለቱም የሚከፍሉት ከገንዘባቸው ነው። ከእኛ ከአንባብያን መካከል ልጁን በሐኪምነት ወይም በመሐንዲስነት ወደ ሩቅ አገር ያልላከ ጥቂት ነው። እንግዲህ በሰው ልጅ ላይ የምንጥለውን ዓይን ሌላው በልጃችን ላይ እንዲጥል እንወዳለንን?

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ ነበረች። የአገራችን ሴት ባልዋን አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ሹመቱና ስለ ሥራው አይደለምና፤ «በላህ?» አለችኝ። «በላሁ፤ ግን ብቻዬን ነው፤ ብቻ መብላት እንዴት ያስጠላል!» ብዬ አዘንሁላት። «አይዞህ» አለችኝ። ከዚያም ለወጉ ያህል «አንቺስ በላሽ?» አልኋት። «እኔማ መች ደረሰልኝ፤ ልጆቹ በልተው ሲነሡ እቀምሳለሁ» አለችና ወደ ሌላ ነገር አለፈች።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ለካ እኔ ባንድ ማታ የተማረርሁበትን ነገር፤ እርስዋ ስንት ዓመት ኖራበታለች። እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳው ታቀርባለች፤ ለእኔ ታቀርባለች፤ ለልጆቹ ታቀርባለች፤ ሰው ሁሉ በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ፤ በማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከቀረው ትቀምሳለች። ወጡ ቀዝቅዟል፤ የሚያጐርሳትም የለም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ቤታችን አብሮ የሚበላ ቤት መስሎኝ ስመካ ኖርሁ። አስቀድሜ በአገራችን ለብቻ መብላት ክብርና ንፍገት የተባለ ሁለት መልክ ብቻ አለው ብያለሁ። ሦስተኛው መልክ ይህ ነው፤ የአገልግሎት ብቸኝነት። ከሦስቱም የማይታየው እርሱ ነው፤ በእያንዳንዳችን ቤት ግን በየቀኑ ይገኛል።

በጥንት ዘመን ሉኩሉስ የተባለ የሮማ መኰንን ነበረ፤ ግብዣው በማማሩ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ፕሉታርክ የተባለው ጸሐፊ እንደ ተረከው፤ አንድ ቀን ራቱን ብቻውን ይበላ ነበርና የቤቱ መጋቢ እንግዳ የለም ብሎ ቀላል ራት አቀረበለት። ሉኩሉስም ተቈጥቶ፤ ዛሬ ሉኩሉስ የሚጋበዘው በሉኩሉስ ቤት መሆኑን አላወቅህምን ብሎ ገሠጸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትዕቢት ይቈጥረዋል። እኔ ግን በዓዲ ሓቂ ሆኜ ሳስበው ግማሹ እውነት መሰለኝ። ሰው ብቻውን ሲሆን ራሱን ሊያዋርድ አይገባም፤ ብቻውን የሚበላም ሰው ክብር ያለው እንግዳ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ጐደለበት፤ ሉኩሉስ ለራሱ ያሰበውን ክብር በማድ ቤቱ ላሉት አላሰበምና።

ከዚህ የተነሣ ለአንባብያን የሚጠቅም ጥቂት ምክር ልጨምር።

1ኛ፤ ብቻውን ወደ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው አይዋሽ፤ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ በግልጥ ይናገር። ስፍራውንም ራሱ ይምረጥ፤ ከማድ ቤት ደጅ ወይም ከመተላለፊያ ቢያስቀምጡት በትሕትና ሌላ ስፍራ ይጠይቅ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አዳራሹን የሚያይበት ቦታ ደኅና ነው።

2ኛ፤ የአገሩን ምግብ ይዘዝ፤ በቤቱ ሁልጊዜ የሚበላውን አይፈልግ። ስለ ምግቡም አሳላፊውን ይጠይቅ፤ መንገደኛ የሚያውቀው ሰው ባይኖረው ምግቡን የሚያውቅ ሰው ከፊቱ ቆሟልና። ጥሕሎን የመሰለ የብዙ ሰው ምግብ ሲያዝም መጠኑን አስቀድሞ ይንገር፤ ሳይበላ የሚመለስ ምግብ በተራበ አገር ነውር ነው።

3ኛ፤ ስልኩን ከማዕድ ያርቅ። ስልክ የያዘ ሰው ብቻውን ነው፤ ከሰውም ጋራ የለም፤ ከምግቡም ጋራ የለም። መጠጥንም የብቸኝነት ባልንጀራ አያድርገው፤ ይህ ባልንጀራ ሒሳቡን አይከፍልምና።

4ኛ፤ በሌላ ጠረጴዛ ብቻውን ወይም ብቻዋን የተቀመጠውን ሰው አይመልከት፤ አይጠርጥርም። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ይተወው። ለብቻዋ ለተቀመጠች ሴት ያልጠየቀችውን መጠጥ መላክ ቸርነት አይደለም፤ ድፍረት ነው።

5ኛ፤ ሲነሣ አሳላፊውን ያመስግን፤ የእጁንም ይስጠው። በቋንቋችን ለአሳላፊ የሚሰጠው ገንዘብ ጉርሻ መባሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ብቻውን የበላ ሰው የሚያጐርሰው ባልንጀራ የለውምና፤ ያችን የጐደለች ጉርሻ ላገለገለው ሰው ይሰጣል።

እኔም ያን ማታ ይህንኑ አድርጌ ተነሣሁ። ከደጅ ስደርስ አሳላፊውን «የምጠብቀው ሰው አልነበረም» አልሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ «አውቄ ነበር፤ ጌታዬ፤ ነገም ብቻዎን ይምጡ» አለኝ። በማግሥቱም ሄድሁ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ጠረጴዛ በመስኮቱ አጠገብ አዘጋጅቶ ቈየኝ። ብቻዬን በላሁ፤ ግን አልተማረርሁም።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስሁ በመጀመሪያው እሑድ መሶቡ ሲቀርብ፤ ባለቤቴ ካልተቀመጠች እጄን አላነሣም አልሁ። ልጆቹ ሣቁ፤ እርስዋም የቀለድሁ መሰላት። ነገሬ እውነት መሆኑን ባየች ጊዜ ተቀመጠች፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ጨው ልታመጣ፤ አንድ ጊዜ ውሃ ልትቀዳ፤ አንድ ጊዜም ወጥ ልትጨምር ሦስት ጊዜ ተነሣች። የረዥም ዘመን ልማድ ባንድ ቀን አይለቅም። በአራተኛው ልትነሣ ስትል ታላቁ ልጃችን «ቁጭ በይ እማዬ፤ እኔ አመጣዋለሁ» ብሎ ቀደማት። እኔም በዚያን ጊዜ ጠቅልዬ አጐረስኋት። ወጡ ገና ትኵስ ነበረ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ነገ ወደ መቀሌ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ቢኖር ብቻውን ለመብላት አይፈር። ነገር ግን በዚያች ባዶ ወንበር ፊት ሲቀመጥ፤ በቤቱ ማን ብቻውን እንደሚበላ ይጠይቅ። መልሱን ካገኘ፤ ተመልሶ ስፍራውን ይልቀቅለት።